አርማው አያበራም

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ ዶልቢ ቪዥን (የፊልሙን ብርሃን በየትዕይንቱ የሚያስተካክል የምስል ቴክኖሎጂ) የሌለው ቴሌቪዥን ላይ ብራችሁን አትጣሉ ሲል መከረን። ምክሩ አየር ላይ ከዋለ ሁለት ቀን ሳይሞላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሱቅ የዶልቢ ቪዥን አርማ ያለበትን ቲቪ ዋጋ ቆልሎ ጠበቀኝ።

አዘጋጁ ሳምሰንግ ዶልቢ ቪዥን የሌለው አቅም አጥቶ ነው አለ። ወይ ጉድ! ሳምሰንግ እኮ በፈረንጆቹ 2017 ከአማዞን ጋር ኤችዲአር10 ፕላስ የሚባል ተፎካካሪ ይዞ የመጣ ነው። ዶልቢ ቪዥን የፈቃድ ክፍያ አለበት፣ ያኛው እንደዚያ አይደለም። ኤልጂና ሶኒ ወደ ዶልቢ ሄዱ። ቲሲኤልና ሃይሴንስ ሁለቱንም የሚያነቡ ሞዴሎች አሏቸው። የነጋዴዎች ፉክክር ነው፤ እኛ ምን ቤት ነን?

ዋናው ነገር ብርሃን ነው። የተለመደው ቪዲዮ የሚዘጋጀው ለ100 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው) ያህል ብርሃን ነው፤ የኤችዲአር ፊልም፣ ማለትም ደማቁንና ጨለማውን አስፍቶ የሚያሳየው፣ ለ1,000፣ አንዳንዱም ለ4,000። ርካሹ ቲቪ 300 ገደማ ላይ ትንፋሹ ያጥራል። ዶልቢ ቪዥን በየትዕይንቱ ይህን አድምቅ፣ ያንን አደብዝዝ የሚል ትእዛዝ ነው፤ ተራው ኤችዲአር10 ለፊልሙ ሁሉ አንድ ትእዛዝ ይሰጣል። ልዩነቱ አለ፣ አልካድኩም። ግን ትእዛዙ ለማን ነው? ኩራዝን በየደቂቃው ፓውዛ ሁን ብትለው ያው ኩራዝ ነው!

ሱቁ ውስጥ ባለ አርማውንም አርማ የሌለውንም ቲቪ ከሱቅ ማሳያ ወደ ቤት እይታ አስቀየርኩና በኤችዲአር10 የተቀረጸች የቡና ቪዲዮ በፍላሽ አስከፈትኩ። ባለ አርማው ላይ ጀበናው ስር ያለው ፍም ድፍን ነጭ ሆነ። አርማ የሌለው፣ ግን የተሻለ የጀርባ መብራት ያለው ላይ ፍሙ ቀላ፤ ጠርዙ ላይ የያዘው አመድ ሳይቀር ታየ። ያው ፋይል ነው።

ደግሞስ ስንቶቻችን ነን ዶልቢ ቪዥን የሚልከውን ኔትፍሊክስ የምንከፍተው? ጎጃም ውስጥ ቲቪ ያለው ቤት የሚያየው በብዛት በዲሽ ነው፤ የአገራችን ጣቢያዎች ደግሞ ኤችዲአር አይልኩም። ለአርማ የሚጨመረው ብር ስታቢላይዘር ቢገዛ ይሻላል፤ መብራታችንን እናውቀዋለን።

«ጋሼ፣ ታዲያ የቱን ልጠቅልልዎት?» አለኝ ልጁ። መጀመሪያ ባለ አርማው ስንት ኒት እንደሆነ ንገረኝ አልኩት። ካርቶኑን በአራቱም ጎን አገላበጠ። አርማው ሦስት ቦታ ታትሟል፤ ኒት የሚል ግን የትም የለም።