አባወራው የሉም?

ቆሽቴ አሯል። ሳልረጋጋ ልጻፈው፤ ከተረጋጋሁ እተወዋለሁ፣ መተው ደግሞ አልፈልግም።

ጣራችንን ሊቀይር የተዋዋለው አናጢ፣ አጅሬ፣ ዛሬ መጣ። ቀጠሮው ጠዋት 1 ሰዓት ነበር፣ 5 ሰዓት ላይ ከተፍ አለ። ሁለት ልጆች አስከትሏል፣ መሰላል ግን አልያዘም። «መሰላል አላችሁ አይደል?» አለ። ይሁን፣ መሰላሉን ከጎረቤት ለምኜ አቁሜያለሁ። ማርፈዱንም ዋጥ አደረግኩት። ጣራው የሚያፈስበት ሰው ብዙ ነገር ይውጣል።

ግቢው መሀል ቆመና ዙሪያውን ቃኘ። ሶፋው፣ ቡፌው፣ ቁምሳጥኑ፣ ፍራሹ፣ ሁሉም በሸራና በላስቲክ ተጠቅልሎ ደጅ ነው። ኑሯችን እንዳለ ውጭ ወጥቷል። እኔ ፊቱ ቆሜያለሁ። ቀሚሴ ጥቀርሻ፣ ሻሼ የሸረሪት ድር ሆኗል። ውሉን በእጄ ይዣለሁ። እሱ በትከሻዬ አሻግሮ ወደ በሩ እያየ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አባወራው የሉም?»

«ምን ፈለግክ?» አልኩት።

«አይ፣ ስለ ሥራው የምናነጋግረው ሰው ፈልገን ነበር።»

«እኔን አነጋግረኝ።»

«እሱማ እሺ እህቴ። ግን ወንድ የለም? ወንድም ምናምን?»

ምናምን! ቀብዱን የተቀበለው ከእኔ እጅ ነው። ብሩን እዚሁ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሁለቴ ቆጥሯል። ያን ቀን አባወራ አልጠየቀም። ያን ቀን ሴትነቴ አልታየውም።

«እማወራዋ እኔ ነኝ፣ ተናገር» አልኩት። እሱ ግን ዞር ብሎ የእህቴን ልጅ አገኘ። 15 ዓመቱ ነው። ሞሰብ ተሸክሞ ቆሟል። «ስማ ጎረምሳው፣ ኮርኒሱ ለምንድን ነው ያልወረደው?» አለው። ልጁ እኔን ያያል። እኔ እመልሳለሁ። ሰውየው መልሴን ይሰማና ፊቱን መልሶ ወደ ልጁ ያዞራል። «ቆርቆሮውስ ስንት ጌጅ ነው የገዛችሁት?» ልጁ «አክስቴን ጠይቃት» አለው። እደግ! ተመንደግ! ያን ሰዓት አቅፌ ልስመው ነበር።

«28» አልኩ እኔ።

ለማን መለሰ? ለልጁ! «32 ብትገዙ ይሻል ነበር። ይሄ ለመቁረጥ ያስቸግረናል።»

እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው እንደሚወፍር መርካቶ ያለ ተሸካሚ ሁሉ ያውቃል። 28 ከ32 ይወፍራል፣ ዋጋውም ይወደዳል። አውቄ ነው የገዛሁት። ጉለሌ ነው ያለነው። እንጦጦ ሥር የክረምት በረዶ ሲወርድ ስስ ቆርቆሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እዚያ ጣራ ላይ የወጣው ገንዘብ እቁብ ነው፣ እህቴ ከቤሩት የላከችው ነው፣ የእማዬ ጡረታ ነው። ለእሱ መቀስ እንዲመች ብዬ ስስ ቆርቆሮ አልገዛም!

ቀጥሎ የመጨረሻውን ተናገረ። «ቤቱ አልተዘጋጀም። ሲዘጋጅ ደውሉልን።» ሊወጣ ሲል ደግሞ ቆም አለና «የመጣንበትን ግን...» አለ። አራት ሰዓት አርፍዶ፣ አንድ ሚስማር ሳይነቅል፣ የመጣበት ይከፈለው!

ቤቱ አልተዘጋጀም ነው ያለኝ። እኔ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አባወራውንስ ለምጄዋለሁ።

ቀብድ የተቀበለ ቀን «ምን ምን ላዘጋጅ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ያው ዕቃ ማውጣት ነው» አለኝ። ሌላ ነገር የለም። «ኮርኒሱስ?» አልኩት። «እሱን ለኛ ተዪው» አለ። ተውኩለት። ዛሬ ለምን አልወረደም ብሎ ልጅ ያፋጥጣል።

የእኛ ኮርኒስ አቡጀዲ ነው፣ የድሮው። ከላዩ የተከመረውን አቧራና ጥቀርሻ አስቡት። የአይጡን ጉድ አልናገርም። መዶሻ ያረፈበት ደቂቃ ያ ሁሉ አልጋ ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ቆርቆሮው ከመነሳቱ በፊት ቀስ ተብሎ መውረድ አለበት። አፍንጫ ተሸፍኖ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ። ይሄን ያወቅኩት ከእሱ አይደለም። ባለፈው ዓመት ጣራዋን የቀየረች ጎረቤቴ ናት ቁጭ አድርጋ የነገረችኝ።

የኤሌክትሪክ ሽቦው በማገሩ ላይ ተጋድሞ እንደሚያልፍም የነገረችኝ እሷ ናት። ላስቲኩ ደርቆ የተላጠ አሮጌ ሽቦ ላይ ቆርቆሮ ቢወድቅ ሰው ይሞታል። ቆጣሪው ጋ ይጥፋ፣ ጠፍቶም ይቆይ፣ የሚጠብቀው ሰው ይኑር አለችኝ። ከፖሉ የሚመጣው መስመር የጣራውን ጠርዝ ይዞ ስለሚገባ እሱን የሚያነሳው የመብራት ባለሙያ ነው፣ አስቀድሞ መለመን አለበት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ሁሉ ይውረድ፣ የጭቃ ቤት ሲመታ ይንቀጠቀጣል፣ የአባቴ ፎቶ ተሰብሮ ይቀራል። ዲሹ ይነቀል። ሚስማሩ ሲነቀል የሚለቅም ሰው ይመደብ፣ ምክንያቱም ሰፈሩ ሕጻናት ናቸው፣ የዛገ ሚስማር ረግጦ በቴታነስ መታመም አለ። የግቢው አንድ ጥግ ለአሮጌው ቆርቆሮ ባዶ ይሁን። የተበላው ለቁራሌው ይሄዳል፣ ደህናው ምናለሽ ተራ ገዢ አያጣም፣ ግን በር ላይ ከተከመረ ማንም አይገባም አይወጣም።

ይሄ ሁሉ ሥራ ነው። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። «ዕቃ ማውጣት» በምትል ሁለት ቃል አይጠቀለልም። ጣራ ሲገጥም የዋለ ሰው ሞያተኛ ይባላል፣ ይከፈለዋል። ቤቱን ለዚያ ቀን ያደረሰችው ሴትዮ ግን ምንም እንዳልሠራች «አልተዘጋጀም» ትባላለች።

ደግሞ የእኛ ቤት ሌላ ጣጣ አለው፣ ታውቁታላችሁ። ከጎናችን ያለው ቤት ድሮ የእኛው ነበር። ከዚያ የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። አዋጅ ቁጥር 47። ትርፍ ተባለና ተወረሰ፣ የቀበሌ ቤት ሆነ። አዋጁ ቤቱን ለሁለት ከፈለው፣ ጣራው ግን እስከ ዛሬ አንድ ነው። ቆርቆሮው ከእኛ ሳሎን ተነስቶ የእነሱ ጓዳ ላይ ነው የሚያበቃው። የእኛን ብቻ ብትነቅል የእነሱ ይላቀቃል። የእነሱን ልንካ ብትል የመንግሥት ቤት ነው፣ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው፣ እነሱም ያፈስባቸዋል፣ ቢቀየርላቸው ደስታቸው ነው። የራሴን ጣራ በራሴ ገንዘብ ለመቀየር፣ የመንግሥትንም ጫፍ በነጻ ጨምሬ ለመሸፈን፣ ስንት በር ላይ እንደቆምኩ እግዜር ያውቃል። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ማህተም የያዘችው ልጅ ፈቃድ ወጥታለች፣ ፎቶ ኮፒ ይጎድላል። እዚያም አንዱ ሰውዬ «ባለቤትሽ ይምጣና እንነጋገር» ብሎኛል። ካርታው በእማዬ ስም ነው፣ ውክልናው በእኔ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼለት ነው እንዲህ ያለኝ!

የቧንቧ ሠራተኛውም እንደዚሁ ነበር። ታንከሩን የገጠመው ልጅም። ቫልቩን ወዴት እንደሚያዞር ያሳየው ለዘበኛው ነው። ዘበኛው በማግሥቱ ሥራ ለቀቀ።

አሁን እማዬን አስቡልኝ። አቧራው ለአስሟ አይሆንም ብለን እዚህ ያለችው ሌላዋ እህቴ ጋ ወስደናታል። ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ጉልበቷን ታውቃላችሁ። ሲወጡ ተሸክመዋት ነው የወጡት። ከዚያ ወዲህ አልወረደችም፣ ቤተ ክርስቲያን አልሳመችም፣ ቡናዋን ከጎረቤት ጋር አልጠጣችም። በየቀኑ ትደውላለች። «ጀመሩ?» ትለኛለች። ዛሬም ደወለች። «ኮርኒሱ ትንሽ አስቸገረን እማዬ» አልኳት። «ይሁን ልጄ፣ ብቻ ሳይዘንብ» አለች።

ዝናቡ ደግሞ እየመጣ ነው። ግንቦት ሊያልቅ ነው። ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ላይ ሲጠቁር ሆዴ ይሸበራል። ሸራው ለአንድ ቀን ነው የታሰበው፣ ለሳምንት ክረምት አይደለም። ቡፌው እንጨት ነው፣ ውሃ ከጠጣ አበቃለት። ፍራሹንማ ተዉት።

ከሄደ በኋላ ስልኩን ሞከርኩ። ዝግ ነው። ቀብዴ እሱ ጋ ነው። ኮርኒሱን ከእህቴ ልጅና ከጎረቤቴ ጋር ዛሬውኑ አወረድነው፣ መሸብን እንጂ አንድ ክፍል ብቻ ነው የቀረን። ነገ ጠዋት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ አልተዘጋጀም የሚል ካለ መጥቶ ያሳየኝ።

ለሚመጣው ሰው የምለውን ከአሁኑ ልናገር። አሮጌው ቀዳዳ ላይ ሚስማር አትምታ። ሚስማሩ ጎማ ያለው ይሁን፣ የሚመታውም ቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፣ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። መደራረቡን አትሰስትብኝ። ማገሩን ምስጥ በልቶት ከሆነ ሳትሸፍነው ጥራኝና አሳየኝ። እኔን ጥራኝ! የእህቴን ልጅ አይደለም።

አሁን ልመናዬ። ጉለሌ አካባቢ የሚሠራ፣ በቀጠሮው የሚገኝ፣ ከመምጣቱ በፊት ምን መዘጋጀት እንዳለበት በግልጽ የሚናገር፣ የከፈለውን ሰው ዓይን እያየ የሚያወራ አናጢ የምታውቁ ስልኩን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሴት አናጢ ካለች ደግሞ አሁኑኑ ላኩልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እደውላለሁ።