ጂንስ ላይ መስመር አታስገድዱን

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የለጠፈው ማስታወቂያ አናዶኛል። ሠራተኛ ጂንስ መልበስ ይችላል፣ ግን በካውያ መስመር የወጣለት መሆን አለበት ይላል። ይህ አልበቃ ብሎ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው ሱሪ «የሽማግሌ ነው፣ ተዉት» ብለዋል። መስመር ደግሞ «የሥነ ምግባር ምልክት» ነው አሉ።

ከመጨረሻዋ ልጀምር። የምን ሥነ ምግባር? «ነገ ተመለሱ» እያሉ ባለጉዳይ የሚያመላልሱ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። የብዙዎቹ ሱሪ መስመሩ እንደ ምላጭ ነው። ካውያ ጨርቅ ያቀናል እንጂ ሰው አያቀናም። ሠራተኛን መመዘን የፈለገ ኃላፊ የተከመረውን ፋይል ይቁጠር፣ ጭን ላይ ምን አስቀመጠው?

ይልቅ ስለ ጨርቁ እናውራ። መስመር ሱፍ ላይ ያምራል፣ ይቆያልም። ሱፍ በእንፋሎት ሲሞቅ ይለዝባል፤ እንደታጠፈ ሲቀዘቅዝ ያንኑ ቅርጽ ይይዛል። ፖሊስተርም በሙቀት ለስልሶ ሲቀዘቅዝ እጥፋቱን በቀላሉ አይለቅም። የመንዝ በግ ፀጉር ሲፈተል እያየን ላደግን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም።

ጂንስ ግን ጥጥ ነው። የጥጥ እጥፋት ውሃ ሲነካው ይፈታል። ስለዚህ በታጠበ ቁጥር እንደገና መተኮስ ግድ ነው። ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ ካውያው በደንብ መጋል፣ ጨርቁም መርጠብ አለበት። መብራት እየሄደ በሚመጣበት፣ ክረምት ላይ ጂንስ ለመድረቅ ቀናት በሚፈጅበት አገር ይህን በየሳምንቱ አድርጉ ማለት ቀልድ አይደለም፣ ሰውን ማሰልቸት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ቀለሙ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ጂንስ ላይ ኢንዲጎ በሚባለው ሰማያዊ ቀለም የተነከረው በቁመት የሚሄደው ክር ብቻ ነው፤ የአግድሙ ነጭ ነው። ኢንዲጎው ራሱ ክሩን ከላይ ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ ውስጡ ድረስ ዘልቆ አይገባም። እንግዲህ አንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ እጠፉት። ከጠረጴዛ፣ ከወንበር፣ ከማጠቢያው ሳፋ ጋር ቀድሞ የሚፋተገው ያ የእጥፋት ጠርዝ ይሆናል። ቀለሙ ይለቃል፣ ነጩ ብቅ ይላል። ከዚያ ወዲያ ካውያውን እርግፍ አድርጋችሁ ብትተዉትም ጭኑ መሐል ላይ የሚወርደው ነጭ ሰረዝ አይጠፋም። ደህና ሱሪ ተበላሸ ማለት ነው። ሰው በስንት መከራ ከደሞዙ ቀንሶ የገዛውን!

ሌላም አለ። ጂንስ በሰያፍ የተሸመነ ጨርቅ ስለሆነ ሲታጠብ እግሩ የመጠምዘዝ ጠባይ አለው። የጎን ስፌቱ ወደ ፊት ዞሮ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። እንዲህ የዞረውን ስፌት ከስፌት ገጥማችሁ ብትተኩሱት መስመሩ ወደ ታች ሲወርድ ከመሐል ይሸሻል። ሥርዓት የተባለው ይኼ ነው?

ጂንስ ከመነሻውም ለመስመር አልተሠራም። ልብስ ሰፊው ጄኮብ ዴቪስና ነጋዴው ሊቫይ ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብት ያወጡት የሠራተኛ ሱሪ ኪስ እንዳይቀደድ ለሚያጠናክር የመዳብ ሪቬት (ተመትቶ የሚጠብቅ ትንሽ ማያያዣ) ነው። የስትራውስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 መስመሩ በእጥበት የማይጠፋ ሱሪ ሲያወጣም «ስታ ፕረስት» ብሎ ለብቻው ነው ያወጣው። «የቴክሳስ ካውቦዮች ጂንሳቸውን በስታርች አድርቀው መስመር ያስወጡ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ያስወጣሉ። ወደው ነው፣ ማስታወቂያ ተለጥፎባቸው አይደለም።

አሁን ወደተናቀው ሽንሽን እንምጣ። ሽንሽን ጌጥ ብቻ አይደለም። ትርፍ ጨርቅ ወገብ ላይ ይታጠፋል፣ ስትቀመጡ ዳሌና ጭን ላይ ይከፈታል፣ ስትቆሙ ይሰበሰባል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ከሥር ቱታ የማይደርብ ስንት ሰው አለ? ያን ሁሉ ደርቦ ጠባብ ሱሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋልን እስቲ ይሞክሩት። ከደብረ ሲና ተነስቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማበርን አቋርጦ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣቦ የሚመጣውንም ሰው አስቡት። እሱ የሚያስፈልገው ጉልበቱን የሚያላውስለት ሱሪ ነው። መስመሩማ ቢኖርም ወንበሩ ላይ ተጨማድዶ ያልቃል።

እንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የወንድ ሱሪ እግር ወደ ላይ ታጥፎ እንዳይሰፋ ከልክላ ነበር። ሕዝቡ አጉረምርሟል። ቢሆንም ምክንያት ነበራት፤ ጨርቅ መቆጠብ ነበረባት። የእኛ ኃላፊ ምክንያታቸው ምንድን ነው? «የሽማግሌ ነው» ምክንያት ሆኖ ያውቃል?

ገበያ ወርዳችሁ አንድ የበሰለ ልብስ ሰፊ ጠይቁ። በደንብ በተሰፋ ባለ ሽንሽን ሱሪ ላይ የፊቱ መስመር የሚነሳው ከዋናው ሽንሽን ነው። ኃላፊው እንግዲህ መስመሩን አክብረው መነሻውን ናቁ። የሚጠቅመውን እጥፋት አስጥለው የሚጎዳውን አስገደዱ።

ማስታወቂያው ይነሳ። የግድ አንድ ነገር መለጠፍ ካለበት «ንጹሕና ያልተቀደደ ሱሪ» ይበቃል። ሱፍ የለበሰ መስመሩን ያስወጣ፣ ጂንስ የለበሰ አጥቦ ይምጣ፣ ሽንሽን የወደደም ያሰፋ።