«ተሰፍቷል፣ አልቋል» ለሚለው እርማት

ወንድሜ፣ «እህቴ በልጅነቷ የልብ ቀዳዳዋ ተሰፍቶላት ድናለች፤ ከአጋሮ ጅማ ለቼክአፕ መመላለሱ ትርፉ ድካም ነው» ብለሃል። እንኳን ለዚህ በቃች! «ድናለች» የሚለው ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ቀዶ ጥገናው ልቧን ጠገነ እንጂ እንደ አዲስ አልሠራም።

ለምሳሌ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት ለሚባለው ችግር (ቀዳዳን ጨምሮ አራት የልብ ጉድለቶች አብረው ለሚወለዱበት) ቀዶ ጥገና የተሠራለት ሰው፣ ወደ ሳንባ ደም የሚያሳልፈው ቫልቭ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ያፈስበታል። የቀኝ የልቡ ክፍል ቀስ በቀስ ይሰፋል። ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል፤ የልብ ምቱ የሚዛባው በኋላ ነው። ቀድሞ የሚያሳየው ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና ኢሲጂ (የልብ ምት የኤሌክትሪክ ምርመራ) ነው። ትንሽ ቀዳዳ በጊዜ ከተዘጋች ክትትሉ ሊቀል ይችላል፣ እሱንም ግን ሐኪም ይወስን።

እባክህ የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ፈልጉ። ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ሕክምና ስትዞር፣ አዲሱ ሐኪም ምን እንደተሠራላት የሚያየው እዚያ ላይ ነው። ብዙዎች ከክትትል የሚጠፉትም በዚሁ መሃል ነው፤ ያሳዝናል። ጥርስ ከማስነቀሏ በፊት ስለ ልቧ ትናገር። ማርገዝ ካሰበች ቀድማ ትማከር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የልብ ክትትል ስላለ፣ ወረቀቱን ይዛ ከዚያ ትጀምር።