ድሬ–ሐረር 700 ሜትር ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ፤ በሳይክል የምንወጣው 700 ሜትር ብቻ ነው» ያልከው ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሒሳብ ነው። የቆጠርከው የሁለቱን ከተሞች ልዩነት እንጂ የመንገዱን ዳገት አይደለም።

የደንገጎን ዳገት ወጥተህ በመንገዱ ላይ ያለችው ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር አካባቢ ነህ። ከሐረርም በላይ ማለት ነው! በኋላ ብትወርድም የወጣኸው አይቀነስልህም፤ እግርህም አይረሳውም። በመሃል ያሉት ትንንሽ ዳገቶችም ይደመራሉ።

መንገዱን በካርታ ሶፍትዌር ላይ ሥራና ጠቅላላ ዳገቱን እይ። እሱም ቢሆን ግምት ነው፤ ገደል ዳር የሚጠማዘዝ መንገድ ላይ ቁጥሩን ማጋነን ይወዳል። የት እንደምትታጠፍ በምትጽፍበት የመንገድ ወረቀትህ ላይ ደግሞ ዳገቱ የሚጀምርበትን ኪሎ ሜትር ጻፍ። ደንገጎ መገንጠያ ላይ ወደ ግራ ነው፤ ቀኙ ቁልቢ ይወስድሃል።