ካሜራ የያዘ ሁሉ ብረት ሊነቅል አልመጣም

ከጥቂት ዓመታት በፊት የወንድሜ ልጅ ዘጠኝ ቀን ታስሮ ወጣ። ጥፋቱ ከቃሊቲ ወዲያ፣ ሣር በዋጠው የድሮ የባቡር ሐዲድ አጠገብ፣ በፈረሰ ግድግዳ በኩል ጣሪያ አልባ መጋዘን ውስጥ ገብቶ ፎቶግራፍ ማንሳቱ ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ዳር ዳር የቀረውን ሁሉ ሳይፈርስ ላንሳው ብሎ የሚዞር ልጅ ነው።

ዘበኛው ሲይዘው በመጀመሪያ ያለው «ብረቱን የት አደረግኸው?» ነው። አልፈርድበትም። በዚያ አካባቢ ከበር ማጠፊያ እስከ መስኮት ፍርግርግ ሌሊት ተነቅሎ ጠዋት ከቆራሌው ጆንያ ይገባል። ከልጁ ቦርሳ የወጣው ግን ካሜራ፣ የእጅ ባትሪና ግማሽ ዳቦ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ጥያቄው ተቀየረ፦ «ማን ላከህ? ፎቶው ለማን ነው?» ብረት አለመስረቁ ጭራሽ ባሰበት።

በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ይደነግጋል፤ ቀረበም። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም አለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ደግሞ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን የሚደርስ ቀጠሮ ይፈቅዳል። ሰባት ቀን ተሰጠ። በዘጠነኛው ቀን ክስ የሚያቆም ነገር ስላልተገኘ ሂድ ተባለ። ሊፈተን የነበረው ፈተና አምልጦታል፤ ካሜራውም እዚያው ቀረ።

ክስ ቢመሠረትስ በምን ነበር? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 ያለ ባለይዞታው ፈቃድ ሰው ቤት ወይም የተከለከለ ቦታ መግባትን ያስቀጣል። መጋዘኑ ግን አጥርም፣ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍም አልነበረውም። ዘበኛው ራሱ የተቀጠረው ለጎረቤቱ ግቢ ነው! ገባብኝ ብሎ አቤት ያለ ባለቤት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የግድብ ወይም የጦር ካምፕ አጥር ለሚዘል ሰው ጠበቃ አልቆምም። የሰው መኖሪያ ቤትማ ጨርሶ አይነሳ። የምቃወመው ትንሿ ጥፋት አላሳስር ስትል ትልቅ ጥርጣሬ ፈልጎ መለጠፍን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባት ብቻውን በአብዛኛው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ሆኖም ለንደን ውስጥ የተዘጉ የምድር ባቡር ጣቢያዎችን ከሚያስሱ ሰዎች ጋር የዞረው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ብራድሊ ጋሬት እ.ኤ.አ. በ2012 ተይዞ ንብረት ለማበላሸት በማሴር ተከሰሰ። ማሴር ሲባል ነገሩ ምን ያህል እንደሚያብጥ ልብ በሉ። በ2014 ያ ሁሉ በቅድመ ሁኔታ መለቀቅ አበቃ፤ ፍርዱ እስኪመጣ ግን ሁለት ዓመት ሄዷል።

መርማሪዎቻችን ከ«ማን ላከህ» በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቁ ይበቃል፦ ቦታው ተከልክሏል ወይ? የተሰበረ ነገር አለ? የጎደለ አለ? ሦስቱም «የለም» ከሆኑ ልጁን መክሮ ወደ ቤቱ መስደድ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ግድግዳ ሊናድበት እንደሚችል መንገር ደግሞ ተገቢ ምክር ነው፤ እኔም ብዬዋለሁ።

ካሜራው ከአራት ወር በኋላ ተመለሰ፤ የፎቶ ማስቀመጫ ካርዱ የለበትም። ባለፈው ሳምንት በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ፣ ቀርታ የነበረችው አንዲት የብረት በርም ተነቅላለች።