የሪል እስቴት ማስተርስ ላይሰንስ አይሆንም (ትንሽ እርማት)

ሰላም ወገኖች፣ እዚህ ብዙ ሰው እየደጋገመ የጻፈው ነገር ስላሳሰበኝ ነው፣ ባጭሩ "አሜሪካ ውስጥ ኤምቢኤ ምን ያደርጋል፣ የሪል እስቴት ማስተርስ ከያዝክ ያለ ላይሰንስ ቤት እያሻሻጥክ ኮሚሽን ትበላለህ" የሚል ነው። በቅን ልብ እንደተባለ አውቃለሁ ግን ትክክል አይደለም።

የሰው ቤት በኮሚሽን ለማሻሻጥ የስቴቱ ላይሰንስ የግድ ነው፣ ዲግሪህ ምንም ይሁን። ለምሳሌ አበሻ በብዛት ያለበት ቨርጂኒያም ሜሪላንድም የ60 ሰዓት ኮርስ ትወስዳለህ፣ ፈተና ታልፋለህ፣ ከዛ በአንድ ብሮከር (ከፍ ያለ ላይሰንስ ያለው፣ ኤጀንቶችን የሚያሠራ ደላላ) ስር ትሠራለህ፣ በቃ። ፍሎሪዳ በሪል እስቴት የ4 ዓመት ዲግሪ ላለው ሰው ኮርሱን ታስቀርለታለች፣ ፈተናውን ግን እሱም ይፈተናል።

ማስተርሱ ሌላ ዓለም ነው፤ ህንጻ ማልማት፣ የኢንቨስትመንት ስሌት፣ ፋይናንሲንግ ነው የሚያስተምሩት። እንደ ኤምአይቲ ያለው ፕሮግራም ዴቨሎፐር ወይም ኢንቨስትመንት ድርጅት ጋ መግባት ለሚፈልግ ነው፣ ኤምቢኤ ደግሞ ነገ ፊልድ ብቀይርስ ለሚል ሰው ሰፋ ይላል፣ እንደ ዋርተን (የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ስኩል) ያሉት ኤምቢኤው ውስጥ ራሱ ሪል እስቴትን ሜጀር ማድረግ ይፈቅዳሉ።

እኔን አትመኑኝ፣ የምትኖሩበት ስቴት የሪል እስቴት ኮሚሽን ወይም ቦርድ ዌብሳይት ገብታችሁ የላይሰንስ መስፈርቱን አንብቡ፣ የኤጀንቶችንም ስም እዛው መፈለግ ይቻላል። ቤት ለማሻሻጥ ብቻ ብሎ በስንት ሺ ዶላር ብድር ማስተርስ የሚጀምር ልጅ ሲጨርስ በአብዛኛው ያቺኑ ኮርስና ፈተና ነው የሚጠብቀው፣ ያለ ላይሰንስ ከሠራ ደግሞ ኮሚሽኑንም አያገኝም፣ በህግም ይጠየቃል።