ለእርጎዬ ጠላት ለክቡር ባክቴሪዮፋጅ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ የላክሁት ሰላምታ ካሉበት ይድረስዎ፤ ወተቴን የሚያረጉልኝን ባክቴሪያዎች የሚያጠቁ ቫይረስ ነዎትና፣ ያሉበት መቼም ከማሰሮዬ አይርቅም።

ባለፈው ሰኞ ማለዳ፣ ደንበኞቼ ብርጭቆ ይዘው ሲጠብቁ፣ ክዳኑን ከፍቼ ማንኪያዬን ባቆመው ሰጠመ፤ ወተቱ ማታ እንዳስቀመጥሁት ወተት ነበር። ላቦራቶሪ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ጥቂት ወስዳ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ጠብ ብታደርገው፣ ነጭ ሆኖ ከበቀለው መካከል በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጥርት ያለ ክብ ክብ ቦታ ታየ። እርስዎ በልተው የተነሡበት ገበታ ነው አለችኝ።

እርጎ የሚያረጋው ባክቴሪያ፣ ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ፣ የዘር ጽሑፍዎ ከሆነው ከዲኤንኤዎ ቁራጭ ወስዶ በራሱ ውስጥ እንደሚያኖርና፣ ተመልሰው ሲመጡ በዚያ ለይቶ እንደሚቆራርጥዎ በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ታዲያ በዚያች ቁራጭ ትይዩ አንዲት ፊደል ተቀይራ ከመጡ ዘበኛው ላያውቅዎ ይችላል። እኛ ሠርግን በንጉሡ ሠ ፈንታ በእሳቱ ሰ ብንጽፈው ድግሱ አይጎድልም፤ በእርስዎም ዘንድ ምንም የማይነካ ለውጥ ሞልቷል፤ አንዳንዷ ፊደል ግን በር ትከፍታለች።

ብልጠት ነው እንዳልል ብልጠት አይደለም። በጣና ገዳማት ብራና ይገለብጡ የነበሩ ጸሐፍት ሲሳሳቱ ፍቀው ያርሙ ነበር፤ ቲ4 የተባለው ፋጅ ዘመድዎም ሲገለበጥ ስህተት የሚያርም ኢንዛይም አለው፤ ሆኖም በ1,000 ግልባጭ 3 ወይም 4 ያህል ለውጥ ያመልጠዋል። ጥቂት ነው እንዳይባል፣ ከአንዲት ባክቴሪያ በግማሽ ሰዓት ገደማ ከ100 በላይ ሆኖ ይወጣል። ከሚያመልጠው ብዙው ባለቤቱን ይጎዳል ወይም አይጠቅመውም፤ እኔን ያከሰረችኝ ከዚያ ሁሉ የቀናችው አንዷ ትመስለኛለች። ታስቦበት የተደረገ ቢሆን ሽማግሌ እልክብዎ ነበር፤ በግልባጭ ስህተት ለከሰረ ሰው ግን ማን ይሸመግላል?

ወተቱን አሙቆ ማቀዝቀዝ ይበቃል ብዬ ነበር። ለካ ከወገኖችዎ አንዳንዶቹ 72 ዲግሪን ለ15 ሴኮንድ ታግሠው ይወጣሉ፤ ከዚያም በላይ፣ አንድ ዓይነት የፓኬት እርሾ ከማሰሮ ወደ ማሰሮ እያዛወርሁ ቀለብ ስሰፍርልዎ የኖርሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ስለዚህ በወይራ ወደታጠነው የእናቴ ቅል ተመልሻለሁ። በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ብዙ ዓይነት ናቸውና አንዱን ወገን ቢጨርሱት ሌላው ያረጋልኛል። ማንኪያዬ ዛሬ ጠዋት ቆሟል።

ከማይገባዎ አክብሮት ጋር፣
እርጎ ሻጩ